ድንጋዩም ሰውም የጠበቁት ደብር

በእንግሊዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከሄረፎርድ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኪልፔክ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች። ጥቂት ቤቶች፣ ማሳ፣ ሣር የለበሰ የአፈር ጉብታ፣ ከጉብታው አጠገብ ደግሞ አንዲት ቀይ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፤ ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ሰማይ የሚነካ ማማ የላትም፤ ከሩቅ ለሚያያት ጎተራ ልትመስል ትችላለች። ቀርቦ በደቡብ በሯ ፊት የቆመ ሰው ግን እንግሊዝ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ካቆየቻቸው የድንጋይ ቅርጾች ሁሉ እጅግ ያማረውን ያያል። የቅድስት ማርያምና የቅዱስ ዳዊት አጥቢያ ትባላለች። እዚህ የምጽፈው ታሪኳን ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አገሩ ድሮ የእንግሊዞች አልነበረም። ዌልሶች ኤርጊንግ፣ እንግሊዞች አርከንፊልድ የሚሉት የጠረፍ ምድር ነበር። ሕዝቡ በራሱ ልማድ ይዳኛል፣ ግብሩንም በከፊል በማር ይከፍላል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በዌልስ የተጠናቀረው የላንዳፍ መጽሐፍ፣ ኪልፔክ ላይ ከጥንት ጀምሮ በዳዊት ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ ይጠቅሳል። ይህ ዳዊት መዝሙረኛው ንጉሥ አይደለም፤ ዌልሶች የአገራቸው ጠባቂ አድርገው የሚያከብሩት የ6ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳስ ነው። ዛሬ በቆመው ሕንጻ ላይ አንዱ ማዕዘን፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው፣ ድንጋዩ ከሌላው ግድግዳ በተለየ አጣጣል የተካበ ነው። ከዚያ ከቀድሞው ሕንጻ የተረፈ እንደሆነ ይታመናል።

በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ወረሩ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1086፣ አገሩ ሁሉ ለግብር ሲቆጠር ኪልፔክ የኖርማን ልጅ ዊሊያም ርስት ሆና ተመዘገበች። ኖርማን እዚህ ላይ የአባትየው ስም ነው እንጂ የወገኑ መጠሪያ አይደለም። አዲሶቹ ጌቶች እንደ ልማዳቸው አፈር ቆልለው በላዩ ምሽግ ሠሩ፤ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኗ በስተምዕራብ የሚታየው ጉብታ እሱ ነው። ምሽጉ የሚጠብቀው ወደ ዌልስ የሚወስደውን ጠረፍ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ እንግዲህ በጦር ሠፈር ጥላ ሥር ያደገች ናት፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው በበሯ ላይ ተዋጊዎች ተቀርጸው ቢያገኝ አይገርመውም።

የዊሊያም ልጅ ሂዩ በ1134 የቅዱስ ዳዊትን ቤተ ክርስቲያንና በምሽጉ ውስጥ የነበረችውን የማርያም ጸሎት ቤት ለግሎስተር የቅዱስ ጴጥሮስ ገዳም ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ ሞተ፤ ልጁ ማቲልዳና የእኅቱ ልጅ እስጢፋኖስ ለዙፋን ተናነቁ፣ አገሩም ወደ 20 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰ። ሄረፎርድ ከተማም ከጦርነቱ አልዳነችም። ኪልፔክ ላይ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲሱ የታነጸው በዚህ መሐል፣ በ1140 አካባቢ ነው።

ጠራቢዎቹ ከየት መጡ? መልሱ ከኪልፔክ በስተሰሜን ከምትገኘው ሾብደን ከምትባል ሌላ መንደር ይጀምራል። በዚያ የባላባቱ የሂዩ ደ ሞርቲመር ሹም የነበረ ኦሊቨር ደ መርሊመንድ የተባለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ነበር። ኦሊቨር በሥራው መካከል ተነሥቶ በስፔን ሰሜን ምዕራብ ወዳለው የሐዋርያው ያዕቆብ መካነ መቃብር፣ ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ፣ ለመሳለም ሄደ። የዚያን ዘመን ተሳላሚ ፈረንሳይን አቋርጦ፣ የፒሬኔን ተራራ ተሻግሮ ነው የሚደርሰው፤ በመንገዱም አዲስና ያጌጡ አብያተ ክርስቲያናትን እያየ ያልፋል። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች በሾብደንና በኪልፔክ ድንጋዮች ላይ የዚያን መንገድ አሻራ ያያሉ። ሾብደንን ያስጌጡት ጠራቢዎች፣ ወይም ከእነሱ እጅ የተማሩት፣ ቀጥለው ኪልፔክን ሠሩ። በኢርድስሊና በካስል ፍሮም አብያተ ክርስቲያናት ያሉት ታላላቅ የጥምቀት ገንዳዎችም የዚሁ እጅ ልጆች ናቸው። የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም፤ ዛሬ የሄረፎርድሺር ትምህርት ቤት እየተባሉ ይጠራሉ። ትምህርት ቤት ማለት ግን ሕንጻ አልነበረም፤ መዶሻና መሮ ይዞ ከደብር ወደ ደብር የሚዞር የእጅ ጥበብ ነበር።

የሠሩት ሕንጻ ትንሽ ነው፤ አቀማመጡም ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሦስት ክፍል አለው፦ ምእመናን የሚቆሙበት ሰፊ ክፍል፣ ቀጥሎ ካህናት የሚያገለግሉበት፣ በስተምሥራቅ መጨረሻ ደግሞ በግማሽ ክብ የተጠጋጋ መሠዊያው ያለበት። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብንላቸው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ልዩነቱ የእኛዎቹ ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲከበቡ፣ እነዚህ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በረድፍ መቀጠላቸው ነው፤ እየቀጠሉም እየጠበቡ ይሄዳሉ። በምዕራብ ጫፍ የቆመ ሰው ዓይኑ ሳይወድ በግድ በቅስቱ አልፎ ወደ መሠዊያው ይሳባል። የመቅደሱ ጣሪያ እንጨት አይደለም፤ የተዘረጉ የድንጋይ የጎድን አጥንቶች ተሸክመውት በመካከል ይገናኛሉ፣ የሚገናኙበትም ድንጋይ የአንበሳ ራሶች ተቀርጸውበታል።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍል መካከል ያለው ቅስት ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ነው። በግራና በቀኝ ባሉት ዓምዶች ላይ ሦስት ሦስት ቅዱሳን፣ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመዋል። ቁልፍ የያዘው ጴጥሮስ ወዲያው ይለያል። በእንግሊዝ አገር በቅስት ዓምድ ላይ ሰው እንዲህ ተደራርቦ ሲቆም ማየት ብርቅ ነው፤ አጥኚዎች ይህን ሐሳብ ከሳንቲያጎ በር ጋር ያያይዙታል። እኔን የሚስበኝ ልብሳቸው ነው። ጠራቢው የጨርቁን እጥፋት ለመግለጽ ትይዩ መስመሮችን እንደታረሰ ማሳ ትልም አንዱን ከአንዱ አጠጋግቶ አወረደው። ያ መስመር በደጅም በውስጥም ይታያል፤ የአንድ ሰው እጅ ጽሕፈት ማለት ነው።

አሁን ወደ ደቡቡ በር እንውጣ። ከበሩ በላይ ባለው ግማሽ ክብ ድንጋይ ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጿል፤ ብዙዎች የሕይወት ዛፍ ይሉታል። በዙሪያው ያለው ቅስት በአውሬ ራስ፣ ምንቃር ባላቸው ፍጥረታት፣ በወፍና በዘንዶ የተሞላ ነው፤ ከአውሬዎቹ መካከል ከፍ ብሎ አንድ መልአክ አለ። በሁለቱም ጎን እባቦች ራሳቸውን ዘቅዝቀው አንዱ የሌላውን ጅራት ይውጣል። በግራው ዓምድ ላይ ሁለት ተዋጊዎች በሐረግ ተጠላልፈው ቆመዋል፦ ሱሪ የለበሱ፣ ሾጣጣ ቆብ የደፉ፣ ቀጭን፣ ረጅም። የልብሳቸው መስመር በውስጥ ካሉት ቅዱሳን ልብስ ጋር አንድ ነው። የእባቦቹ ጥልፍልፍ የስካንዲኔቪያን ጥበብ ያስታውሳል፤ ምንቃረኞቹ ራሶች ከምዕራብ ፈረንሳይ የመጡ ይመስላሉ፤ ዓምዱን የሞላው ሐረግ ደግሞ በብራና መጻሕፍት ላይ ይገኛል። ሁሉም በዚህች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ከሰው ቁመት ብዙም በማይበልጥ ስፋት ውስጥ ተገናኙ። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ አፋቸውን የከፈቱ የዘንዶ ራሶች ከድንጋዩ ወጥተው አየሩን ይነክሳሉ፤ የኖርዌይን የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ያውቃቸዋል።

ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ሕንጻውን ዙሪያውን ከበው፣ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉ ትናንሽ ድንጋዮች አሉ። የአክሱምን ግንብ የሚያውቅ አንባቢ “የዝንጀሮ ራስ” የምንላቸውን የአግዳሚ እንጨት ጫፎች ማስታወሱ አይቀርም። እነዚያ ግን የእንጨቱ ጫፍ ናቸው፤ እነዚህ የጣሪያውን ክፈፍ የሚሸከሙ ድንጋዮች ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ፊት አለው። ሲታነጹ 91 ነበሩ። ዘፋኝ አለ፣ ተቃቅፈው የሚጨፍሩ ወይም የሚታገሉ ሁለት ሰዎች አሉ፣ በግ አለ፣ መስቀል የያዘው በግዐ እግዚአብሔር አለ፣ ምን እንደሆነ የማይለይ አውሬም አለ። ከሁሉም ሰው የሚወደው ውሻውንና ጥንቸሏን ነው። ጎን ለጎን ጉንጭ ለጉንጭ ተጠግተው ከግድግዳው ብቅ ብለዋል፤ የውሻው ጆሮ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ የጥንቸሏ ወደ ኋላ ተኝቷል፣ ዓይኖቻቸው ትልልቅና ክብ ናቸው። አዳኝና ታዳኝ መሆናቸውን የረሱ ይመስላሉ። ይህን የቀረጸው ሰው ሕፃናትን ይወድ እንደነበር እገምታለሁ።

በመቅደሱ ዙሪያ ካሉት አንዷ ደግሞ ራቁቷን ያለች ሴት ናት፤ በሁለት እጆቿ ገላዋን ከፍታ ታሳያለች። በአየርላንድና በብሪታንያ አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያሉ ምስሎች ጥቂት አይደሉም፤ ሺላ-ና-ጊግ ይባላሉ። ከዝሙት ለማስጠንቀቅ ነው የሚሉ አሉ፣ ክፉ መንፈስን ለመከላከል ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ምክንያቱም በፈረንሳይና በስፔን የመሳለሚያ መንገዶች ላይ ያሉ የዘመኑ አብያተ ክርስቲያናት ተመሳሳይ ምስሎችን ከኃጢአት ቅጣት ጋር አጎራብተው አስቀምጠዋል።

ከዚህ በኋላ ኪልፔክ ለጥቂት ጊዜ ደምቃ ነበር። ንጉሥ ጆን በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ምሽጉ ተመላልሶ መጥቷል። ከዚያ ዌልስ ተያዘች፣ ጠረፉ ጠረፍ መሆኑ ቀረ፣ ምሽጉም ጥቅሙ ቀነሰ። በ1348 ወደ እንግሊዝ የገባው ታላቁ ወረርሽኝ ብዙ መንደር ባዶ አድርጓል። ኪልፔክም ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው መጠኗ አልተመለሰችም። ድህነቷ ግን ለድንጋዮቿ በጀ። ሀብታም አጥቢያዎች በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን አሮጌውን አፍርሰው ሰፊ መስኮትና ረጅም ማማ ያለው አዲስ ሲያንጹ፣ ኪልፔክ ለዚያ የሚሆን ገንዘብም ሕዝብም አልነበራትም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ከሮም ተለየች፤ ምስሎች ከየአብያተ ክርስቲያናቱ መውረድ ጀመሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ባሰ። በንጉሡና በፓርላማው ጦርነት ጊዜ፣ በ1643፣ ፓርላማው የጣዖት ምልክት የሚላቸውን ሐውልቶች የሚያስፈርስ ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ሰር ሮበርት ሃርሊ የሄረፎርድሺር ተወካይ ነበር፤ በገዛ አውራጃው ጥንታዊ መስቀሎችን ያሰባበረ ሰው ነው። በ1645 የኪልፔክ ምሽግ ፈረሰ። አጠገቡ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ግን አልተነካችም፤ ጴጥሮስም ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። ምሽጉን ያፈረሱት ሰዎች በራፏ አጠገብ ደርሰው ሳለ እንዴት እንደዳነች ሳስበው ይደንቀኛል።

የሾብደን ዕድል ሌላ ነው። በ1752 የቦታው ጌቶች የባቴማን ቤተሰብ፣ የኦሊቨርን ቤተ ክርስቲያን አፍርሰው በዘመኑ ፋሽን በነጭና በሰማያዊ ያሸበረቀ አዲስ አሠሩ። የተቀረጹትን ቅስቶችና በሮች አልጣሏቸውም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ ባለ ከፍታ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ለዓይን ማረፊያ ይሆኑ ዘንድ ተከሏቸው። ጣሪያ አልነበራቸውም። ያ ውሳኔ ጥፋት ነበር፤ በቅንነት ተደረገ ቢባልም ጥፋት ነበር። ለ600 ዓመት በክፈፍ ሥር የተጠለለ ድንጋይ ለዝናብና ለውርጭ ተሰጠ።

የኪልፔክ ስም ከመንደሯ ውጭ የተሰማው በ1842 ነው። ጆርጅ ሮበርት ሉዊስ የሚባል ሠዓሊ፣ ከ27 ዓመት በፊት የሄረፎርድን የአዝመራ ስብሰባ በዘይት ቀለም የሣለው፣ የቤተ ክርስቲያኗን ቅርጾች አንድ በአንድ ነድፎ በመጽሐፍ አወጣ። ሉዊስ ለያንዳንዱ ድንጋይ መንፈሳዊ ትርጉም ሊሰጥ ይጣጣር ነበር፤ ትርጓሜው ብዙ ቦታ ላይ ከእውነት ይርቃል። ራቁቷን ያለችውን ሴት እንኳ ደረቱ የተከፈተ ሞኝ ሰው አድርጎ አቀረባት። ሥዕሎቹ ግን ሥራቸውን ሠሩ፤ አንባቢዎች ኪልፔክ የት እንደሆነች መጠየቅ ጀመሩ።

ወቅቱ አደገኛ ነበር። እንግሊዝ የእድሳት ትኩሳት ይዟት ነበር። ከ1840 እስከ 1870ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከ7,000 የማያንሱ አብያተ ክርስቲያናት ታድሰዋል፣ ሰፍተዋል ወይም እንደገና ታንጸዋል። ብዙዎቹ አዳሾች አንድን ሕንጻ “ወደ መጀመሪያው መልኩ” እንመልሳለን እያሉ የዘመናት ጭማሪውን ያፈርሳሉ፣ ያረጀውን ፊት ይፍቃሉ፣ የደበዘዘውን ቅርጽ በአዲስ ይተካሉ። ሥራው ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ያማረ ነው፤ ጥንታዊው ግን የለም።

ለኪልፔክ የተመረጠው አርክቴክት ሉዊስ ኖካልስ ኮቲንግሃም ነበር። ይህ ሰው በ1841 የሄረፎርድን ካቴድራል ማደስ የጀመረ፣ ለንደን ውስጥ ቤቱን በመካከለኛው ዘመን ቅርጾችና በጂፕሰም ቅጂዎቻቸው ሞልቶ እንደ ቤተ መዘክር የያዘ ነው። የቆየ ድንጋይ ይወድ ነበር፤ ያ ፍቅር ኪልፔክን የጠቀማት ይመስለኛል። እሱ ራሱ በ1847 ሞተ፣ እድሳቱ የተመዘገበው በ1848 ነው። የአባቱን የካቴድራል ሥራ የቀጠለው ልጁ በ1854 አርክቲክ የተባለው መርከብ በአትላንቲክ ላይ ሲሰጥም አብሮ ጠፋ። በኪልፔክ እድሳት ግድግዳውና ጣሪያው ተጠገኑ፤ በሩ፣ የውስጡ ቅስትና የክፈፉ ድንጋዮች ግን የጥንቱ ጠራቢ እንደተዋቸው ቀሩ። አዲስ አፍንጫ የተቀጠለለት ቅዱስ፣ እንደገና የተሳለ ዘንዶ የለም። በ1864ና በ1898 የተደረጉት ጥገናዎችም በዚሁ መንገድ ሄዱ።

የኪልፔክ እድሳት ባበቃ ማግስት፣ በ1849፣ የሥነ ጥበብ ሐያሲው ጆን ረስኪን እድሳት የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ውሸት ነው ብሎ ጻፈ፤ የሞተን እንደማስነሣት ሁሉ የማይቻል አድርጎ አየው። በ1877 ደግሞ ባለቅኔውና ንድፍ ሠሪው ዊሊያም ሞሪስ የጥንታዊ ሕንጻዎች ጥበቃ ማኅበርን መሠረተ። የማኅበሩ አቋም ቀላል ነው፦ ቦዩን ጥረግ፣ የተሰበረውን ክዳን ቶሎ መልስ፣ ውኃውን ከግድግዳው አርቅ፣ ከዚያ እጅህን ሰብስብ። ኮቲንግሃም ይህ ሕግ ሳይወጣ በፊት፣ ቢያንስ በዚህች ቤተ ክርስቲያን፣ ፈጽሞታል።

ድንጋዩም የራሱ ድርሻ አለው። የአካባቢው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ የዛሬ 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በወንዞች ተከማችቶ የጠጠረ ነው፤ ዓይነቱ ግን አንድ አይደለም፣ ገሚሱ በእጅ ይፈረፈራል። የኪልፔክ ጠራቢዎች የመረጡት ጠንካራውን ነበር። መሮው የተወው ጠርዝ ዛሬም ጥርት ብሎ ይታያል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች ቤተ ክርስቲያኗን በቁም ነገር አጠኗት። ከፖላንድ ተሰዶ እንግሊዝ የገባው ጆርጅ ዛርኔኪ በ1950 ባጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናቱ የእነዚህን ጠራቢዎች ሥራ ከደብር ደብር ተከታትሎ አንድ ላይ አያያዘ፤ ማልኮም ተርልቢ በ1999 ሙሉ መጽሐፍ ጻፈባቸው። በ1962 ሕንጻው እንደገና ተጠገነ። አሁን በእንግሊዝ ሕግ ከፍተኛው የጥበቃ ደረጃ ተሰጥቶታል፤ የመንደሩ አጥቢያ ሆኖም ያገለግላል።

የሾብደን ቅስቶች እስካሁን ሜዳው ላይ ቆመዋል። የቅዱሳኑ ፊት ታጥቦ ጠፍቷል፤ ሐረጉና አውሬው ተቀላቅሏል፤ በ1852 ሉዊስ ያሳተመው ሥዕል ዛሬ ድንጋዩ ከሚናገረው በላይ ይናገራል። ኪልፔክ ላይ ግን ውሻውና ጥንቸሏ ጉንጭ ለጉንጭ እንደተጠጉ ናቸው። ክፈፉን ከሚሸከሙት 91 ድንጋዮች 85ቱ ዛሬም በቦታቸው አሉ።